አጎቴ በበግ የተወራረዱበት ባለ 20 አሃዝ ቁጥር፦ 18,446,744,073,709,551,615

የበግ ተወራራጅ (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ጉዳዬ ትንሽ ያስቃል፤ እኔን ግን አንድ በግ ሊያስከፍለኝ ነው።

ባለፈው እሑድ አጎቴ ቤት ቡና እየተፈላ ሰንጠረዥ እንጫወት ነበር። አጎቴ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። በጨዋታው መሃል ያንን የታወቀ የስንዴ ተረት አነሡ፤ በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲህ እየታጠፈ እስከ 64ኛው ቤት። ድምሩን ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያለ መደናቀፍ አወረዱት፦ 18,446,744,073,709,551,615።

ከዚያ «ይህ ቁጥር በ3 ይካፈላል፣ በ5 ይካፈላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚደፍረው የለም» አሉ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍምና «እንዴት ያውቃሉ?» አልኩ። ነገሩ ከረረ፤ በግ ተያዘ። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ ስልክና ኮምፒውተር ክልክል፣ እርሳስና ወረቀት ብቻ። ቁጥሩን እስከ መጨረሻዎቹ ብቸኛ ቁጥሮች ድረስ በትኜ፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው እስኪቀሩ ድረስ፣ በመጪው እሑድ ማቅረብ አለብኝ። እያንዳንዱ ብቸኛ ለመሆኑም ማስረጃ ይፈልጋሉ። ይቻላል? ወይስ ከአሁኑ በግ ተራ ልውረድ?

—

ፈጣኑ

ምን ያስጨንቅሃል? እኔ በኮምፒውተር የሂሳብ ሠንጠረዥ ላይ 2ን 64 ጊዜ አባዝቼ 1 ቀነስኩ። 18,446,744,073,709,600,000 ይላል። መጨረሻው አምስት ዜሮ ነው። ስለዚህ በ2ም ይካፈላል፣ በ100,000ም ይካፈላል። አጎትህ ተሸንፈዋል፤ በጉን አርደህ ጥራን።

—

የሌሊት ኮድ ጸሐፊ

ፈጣኑ፣ ቢላውን መልሰው። እነዚያ ዜሮዎች የቁጥሩ አይደሉም፤ ፕሮግራሙ ከ15 አሃዝ በላይ ስለማይይዝ የቀረውን በዜሮ ሞልቶ ነው ያሳየህ።

ያለ ማሽንም ስህተቱ ይታያል። በሰንጠረዡ ላይ ጎዶሎ ቁጥር ፍሬ ያለው የመጀመሪያው ቤት ብቻ ነው፤ የሌሎቹ 63 ቤቶች ፍሬ ሁሉ ተጋማሽ ነው። አንድ ጎዶሎ ከተጋማሾች ጋር ሲደመር ጎዶሎ ነው። ስለዚህ በ2 አይካፈልም፤ በ100,000ማ ጭራሽ። የመጨረሻውን አሃዝ ደግሞ እንዲህ ታገኘዋለህ፦ 2 እየተባዛ ሲሄድ መጨረሻው 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ በአራት በአራት ይዞራል። 64 ለ4 ስለሚካፈል መጨረሻው 6 ነው፤ 1 ሲቀነስ 5። አጎትየው በ5 ይካፈላል ያሉት እውነት ነው።

ይህን ቁጥር እኛ በየቀኑ እናየዋለን። ኮምፒውተር በ64 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚይዙ 64 ቦታዎች፣ ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ሙሉ ቁጥር እሱ ነውና።

—

መምህርት ከደሴ

ወንድሜ፣ በግህን አትሽጥ። ይህ ቁጥር ሲያዩት ክምር ይመስላል እንጂ ደረጃ ነው፤ በደረጃ ይወረዳል። ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች የማስተምረው አንዲት ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልግህ።

7 በ7 ሲባዛ 49 ነው። 1 ቀንስ፤ 48። ይህ 6 በ8 ነው። 10 በ10 መቶ፤ 1 ሲቀነስ 99፤ ይህ 9 በ11 ነው። ሁልጊዜም ከአንድ ቁጥር ካሬ ላይ 1 ሲቀነስ ውጤቱ በአንድ የሚያንሰው በአንድ ከሚበልጠው ጋር ሲባዛ የሚገኘው ነው።

አሁን ወደ ቁጥርህ ና። 2^64 ብዬ ስጽፍ ሁለት 64 ጊዜ ሲባዛ ማለቴ ነው። 2^64 የ2^32 ካሬ ነው፤ 2^32 ደግሞ 4,294,967,296 ነው። እንግዲህ ያንተ ቁጥር፦

4,294,967,295 × 4,294,967,297

የመጀመሪያው ደግሞ በተራው ከካሬ ላይ 1 የተቀነሰበት ነው፦ 65,535 × 65,537። 65,535 ያው 255 × 257። 255 ያው 15 × 17። 15 ያው 3 × 5። ደረጃው አለቀ። ባለ 20 አሃዙ ቁጥር እንዲህ ሆነ፦

3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 × 4,294,967,297

አጎትህ በ17 ተሸንፈዋል። ነገር ግን ውርርዱ እስከ መጨረሻው ነውና የመጨረሻዋን ቁጥር አደራ፤ እሷ ላይ ትልቅ ሰው ተሰናክሎባታል።

—

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ

ልጆቼ፣ እኔ ደግሞ ቁጥሩን በግዕዝ አኃዝ ጻፍኩትና ደስ አለኝ፤ እነሆ፦

፲፰፻፵፬፼፷፯፻፵፬፼፯፻፴፯፼፱፻፶፭፼፲፮፻፲፭

ሃያ ሰባት ምልክት፤ አንድም ዜሮ የለም። የእኛ አኃዝ ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት አሃዝ እያጣመረ፣ በጥንዶቹ መካከል ፻ እና ፼ን እያፈራረቀ ነው የሚሄደው። ዐሥር ጥንድ አለ፦ 18፣ 44፣ 67፣ 44፣ 7፣ 37፣ 9፣ 55፣ 16፣ 15።

ዝም ብዬ ደመርኳቸው፤ 312 መጡ። መቶ ማለት 99 እና 1 ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ ፻ እና ፼ ላይ 99ን እያወጡ ቢጥሉ የሚቀረው 1 ብቻ ነው። ስለዚህ 312ን ማየት ቁጥሩን በሙሉ እንደ ማየት ነው፤ 99ን ለሚያካፍሉት ለ3፣ ለ9 እና ለ11 ማለቴ ነው። 312 በ3 ይካፈላል፤ በ9 አይካፈልም፤ በ11 ሲካፈል 4 ይቀራል። እንግዲህ 3 አንድ ጊዜ ብቻ አለ፤ 11 የለም። መምህርቷ ካወጡት ጋር ይስማማል።

—

የሌሊት ኮድ ጸሐፊ

አባታችን፣ እጅ ነሥቻለሁ። ካደረጉት አይቀር የ፼ ጥንዶችንና የመጨረሻውን 15 ለብቻ፣ የ፻ ጥንዶችን ለብቻ ብንደምር 195 እና 117 ይሆናሉ። ልዩነታቸው 78 ነው። መቶ ከ101 በአንድ የጎደለ ስለሆነ ይህ ልዩነት 101ን ይፈትናል፤ 78 በ101 አይካፈልም፤ 101ም ወጣ። ይህን ዘዴ በሥራ ቦታዬ ለማንም አላስረዳም፤ ለራሴ ይዤዋለሁ።

—

የበግ ተወራራጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ሌሊት 4,294,967,297ን በ7፣ በ11፣ በ13፣ በ17፣ በ19 እያልኩ ሳካፍል አደርኩ። 211 ደርሼ እጄ ዛለ። ይባስ ብሎ አጎቴ ስልክ ደውለው «ፌርማ የሚባል ታላቅ ሊቅ ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው ብሏል፤ አንተ ከእሱ ትበልጣለህ?» አሉኝ። ለካ እሳቸውም እያነበቡ ነው!

—

ቀለም ቀንድ

አጎትህ የነገሩህ ግማሹን ነው። ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 በደብዳቤዎቹ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 እያለ የሚሄደው ሰልፍ ሁሉም ብቸኛ ነው የሚል እምነቱን ጽፏል፤ ማረጋገጫ እንደሌለውም አልሸሸገም። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በእርግጥ ብቸኛ ናቸው። ስድስተኛዋ ያንተዋ 4,294,967,297 ናት። እ.ኤ.አ. በ1729 መጨረሻ ጎልድባኽ ለሊዮናርድ ኦይለር ይህንኑ ጉዳይ አነሣለት፤ በ1732 ኦይለር መልሱን ይዞ መጣ፦ 641 ያካፍላታል።

እኔን የሚያናድደኝ ፌርማ መሣሪያው በእጁ የነበረ መሆኑ ነው። በዚያው በ1640፣ 2^37 ላይ 1 ሲቀነስ የሚገኘውን 137,438,953,471ን ለ223 የሚካፈል መሆኑን ያገኘው እሱ ነው፤ አካፋዮችን በጭፍን ሳይሆን እየመረጠ በመፈተን። ያንኑ ዘዴ እዚህ ቢያውለው ኖሮ አምስት ማካፈል ይበቃው ነበር።

ዘዴው ይህ ነው። መ የሚባል ብቸኛ ቁጥር 4,294,967,297ን ያካፍላል እንበል። ከዚህ ወዲያ የምንይዘው በመ ሲካፈል የሚተርፈውን ቀሪ ብቻ ነው። ከ1 ተነሥተን በ2 እያባዛን እንሂድ። 32 ጊዜ ስናባዛ ቀሪው ለመ አንድ የጎደለው ይሆናል። ሌላ 32 ጊዜ ስንሄድ ወደ 1 እንመለሳለን። ዙሩ በትክክል 64 ነው፤ አያጥርም፤ ቢያጥር ኖሮ አጭሩ ዙር 64ን ማካፈል ስላለበት 32ንም ያካፍል ነበር፤ ያኔ 32ኛው ላይ 1 ሆነን እንገኝ ነበር።

አሁን ዕቁብ አስቡ። ከዜሮ በቀር ያሉት ቀሪዎች መ ሲቀነስ 1 ያህል ሰዎች ናቸው። በ2 የማባዛት ዙር እነዚህን ሰዎች እያንዳንዱ 64 አባል ባለው ዕቁብ ይመድባቸዋል። ማንም ሁለት ዕቁብ አይገባም፤ ማንም ያለ ዕቁብ አይቀርም። ስለዚህ መ ሲቀነስ 1 የ64 ብዜት መሆን ግዴታው ነው። የሚፈተኑት 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641 ብቻ ሆኑ። ከእነዚህም ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ በሩ ይከፈታል። አንተ በ7ና በ11 ስታካፍል ያደርክበት ሌሊት ግን፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ በከንቱ ነው ያለፈው።

ኤድዋርድ ሉካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1878 የ64ን ቦታ 128 እንደሚወስደው አሳየ፤ ያኔ የሚፈተኑት ብቸኛ ቁጥሮች 257 እና 641 ብቻ ይሆናሉ።

—

ባለ እርሳስ

ማካፈልም አያስፈልግም። 641 ራሱ ሁለት ፊት አለው።

አንደኛው ፊት፦ 641 = 640 + 1፤ 640 ደግሞ 5 × 2^7 ነው።
ሁለተኛው ፊት፦ 641 = 625 + 16፤ ማለትም 5^4 + 2^4።

ከመጀመሪያው፣ በ641 ቀሪ ስናስብ 5 × 2^7 እንደ −1 ነው። አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 5^4 × 2^28 እንደ 1 ይሆናል። ከሁለተኛው ደግሞ 5^4 እንደ −2^4 ነው። በቦታው አስገባው፦ −2^32 እንደ 1 ሆነ። ስለዚህ 2^32 + 1 እንደ ዜሮ። አለቀ። ለአጎትህ ይህን ስታሳያቸው ቀስ በል፤ በአንድ ጊዜ አይዋጥም።

—

ጤፍ ነጋዴ

እኔ ለዚህ ሁሉ «እንደ» ትዕግሥት የለኝም፤ ተባዝቶ ካላየሁ አላምንም። ኦይለር ሌላው ወገን 6,700,417 ነው ይላል አሉ። በውጭ አገር የሂሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚሉት ዘዴ አለ፤ አንዱን ወገን ማጋመስ፣ ሌላውን ማጠፍ፣ በጎዶሎው ትይዩ ያለውን መደመር። እኔ አገሬ ተቀምጬ ከመጽሐፍ መማሬ ይገርመኛል፤ ግን ዘዴው ይሠራል።

641ን አጋመስኩ፦ 641፣ 320፣ 160፣ 80፣ 40፣ 20፣ 10፣ 5፣ 2፣ 1። ጎዶሎዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ 641፣ 5 እና 1። 6,700,417ን እያጠፍኩ በትይዩአቸው ያለውን ወሰድኩ፦

6,700,417
857,653,376
3,430,613,504

ድምሩ 4,294,967,297። አንዲት ሳንቲም አልጎደለም።

ስለ ስንዴውም ልበል። በጤፍ ቢሆን ኖሮስ? በአንድ ግራም 3,000 ፍሬ ብንይዝ የሰንጠረዡ ዕዳ 6 ቢሊዮን ቶን ያህል ይመጣል፤ ከ60 ቢሊዮን ኩንታል በላይ። አገሪቱ በዓመት 50 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ ጤፍ ታመርታለች ብንል፣ እንጀራ ሳንበላ ከ1,200 ዓመት በላይ ማረስ አለብን። በትንሿ ፍሬ እንኳ አልተቻለም።

—

የበግ ተወራራጅ

ጋሼ ነጋዴው፣ ሦስቷን መስመር ገልብጫታለሁ። አሁን የቀረኝ 6,700,417 ራሱ ብቸኛ መሆኑን ማሳየት ነው። አጎቴ ይህን እንደሚጠይቁ እርግጠኛ ነኝ።

—

መምህርት ከደሴ

ይህ ከሚያስፈራው በታች ነው። አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ከካሬ ሥሩ የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ አለው። 2,589 በራሱ ሲባዛ 6,702,921 ስለሆነ ካንተ ቁጥር ይበልጣል፤ ከ2,589 በታች ብቻ እንፈትሽ። የ6,700,417 አካፋይ ሁሉ የ4,294,967,297ም አካፋይ ስለሆነ የሉካ ሕግ ይሠራል፤ 128 እየጨመርን ከ129 እስከ 2,561 ድረስ የሚገኙት ሃያ ናቸው። ከሃያዎቹ ብቸኛ የሆኑት 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው።

257 ወዲያው ይወጣል። 257 ከደረጃችን አንዱ ነው፤ ከእሱ በላይ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በእሱ ሲካፈሉ 2 ይተርፋቸዋል። ለምን ቢሉ ከእያንዳንዱ ደረጃ ላይ 2 ሲቀነስ ከበታቹ ያሉት ሁሉ ብዜት ነውና፤ ከላይ የሠራነውን ተመልከት። የቀሩት አራቱ ናቸው። በ641 ሲካፈል 44 ይቀራል፤ በ769፣ 120፤ በ1,153፣ 334፤ በ1,409፣ 622። አራት ማካፈል፣ አራት ቀሪ፤ ብቸኛ ነው።

65,537ንም አትርሳ። በዚያው በሉካ ሕግ የእሱ አካፋይ 64 እየጨመረ ከሚሄደው ሰልፍ መሆን አለበት፣ ከ256ም መብለጥ የለበትም፦ 65፣ 129፣ 193። ብቸኛው 193 ብቻ ነው፤ ሲካፈል 110 ይቀራል። አንድ ማካፈል በቃ።

እንግዲህ ንጹሕ ቅጂህ ይህ ነው፦

18,446,744,073,709,551,615 = 3 × 5 × 17 × 257 × 641 × 65,537 × 6,700,417

ሰባት ብቸኛ ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ። ስለዚህ 1ን እና ራሱን ጨምሮ 128 አካፋይ አለው። አጎትህ ሁለት ብለው ነበር።

—

ፈጣኑ

ተሸነፍኩ። ግን እውነቱን ንገሩኝ፤ ፌርማ ተሳስቶ ከቀረ እነዚያ አምስቱ ቁጥሮች ምን ይሠራሉ?

—

ቀለም ቀንድ

የሂሳብ ሊቁ ጋውስ ጠቀሜታቸውን አገኘላቸው። እ.ኤ.አ. በ1796፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ 17 እኩል ጎን ያለው ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አረጋገጠ። ሚስጥሩ 17 ከዚህ ሰልፍ መሆኑ ነው። የጎኖቹ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ፣ በዚህ መንገድ እንደሚሠራ እስከ ዛሬ የሚታወቀው ትልቁ ባለ 4,294,967,295 ጎን ነው፤ የአምስቱ ብዜት፣ ያንተው የደረጃው ግማሽ። ሄርሜስ የተባለ ጀርመናዊ ባለ 65,537 ጎኑን ለመሥራት ዐሥር ዓመት ፈጅቷል። እኔ ብሆን ክብ ሥዬ እገላገል ነበር።

ከ4,294,967,297 ጀምሮ ግን ከዚያ ሰልፍ ሌላ ብቸኛ ቁጥር አልተገኘም። እስካሁን ምንነታቸው የተረጋገጠው በሙሉ አካፋይ አላቸው።

—

የሌሊት ኮድ ጸሐፊ

ከዚሁ ቤተሰብ አንድ ጎረቤት ልጨምር፤ 2,147,483,647። ይህ 2^31 ላይ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ነው፤ ብቸኛ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1772 ያረጋገጠው ያው ኦይለር ነው። ጊዜን በ32 ቢት የሚይዙ የቆዩ ሥርዓቶች ሰከንድ የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ አንሥተው እስከዚህ ቁጥር ድረስ ነው። ከዚያ ቆጠራው ይገለበጣል። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሆኖ አገኘሁት። ጥምቀት! ታቦታቱ በጥምቀተ ባሕር፣ ሕዝቡ ጸበል ሊረጭ ሲጠባበቅ። እኔ የዚያን ቀን ተረኛ አልሆንም፤ ከአሁኑ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

—

የበግ ተወራራጅ

እሑድ ደርሶ አለፈ፤ ልንገራችሁ።

አጎቴ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ። የመምህርቷን ደረጃ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። የ641ን ሁለት ፊት ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ እንደገና አነበቡ። የግዕዙን አኃዝ ግን ቆርጠው በኪሳቸው ከተቱት። «ተሸንፌያለሁ» አሉ፤ በጉ ተገዛ። የዕቁቡን ነገር ለአክስቴም አስረዱላት፤ እሷ የገባት ከእኔ ቀድሞ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ምግቡ ሳይነሣ «እሺ፣ ሁለት ጨምርበትስ? 18,446,744,073,709,551,617ስ?» አሉ። የሚቀጥለው ደረጃ ነዋ! መምህርት፣ ምን ልበላቸው?

—

መምህርት ከደሴ

እውነቱን ንገራቸው፤ ያ ከባድ ነው። ላንድሪ የሚባሉ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1880 በ82 ዓመታቸው ነው የበተኑት፦ 274,177 × 67,280,421,310,721። አካፋዮቹ 256 እየጨመረ ከሚሄደው ሰልፍ ናቸው፤ 257፣ 513፣ 769 እያለ። 274,177 በዚህ ሰልፍ 1,071ኛው ነው።

—

የበግ ተወራራጅ

የፈረንሳዊውን ዕድሜ ነገርኳቸው። አጎቴ 67 ዓመታቸው ነው። «እንግዲህ ገና 15 ዓመት አለኝ» ብለው አዲስ ደብተር አስገዙኝ። ሰልፉ 256 እየጨመረ እንደሚሄድም ነገርኳቸው። ትናንት ማታ ስጠይቃቸው 61ኛው ላይ ነበሩ።

1,071ኛው ላይ መሆኑን አልነገርኳቸውም።